ከባሕር ዳር ዋሽንግተን ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል? (እናቴን ልልክ ነው)

ልጅ_ቡሬ · ሰኞ ጥር 5 ማታ 2:10

ሰላም እንደምን አመሻችሁ። እናቴ ቡሬ ናት እኔ ባሕር ዳር ነኝ ታላቅ እህቴ ደግሞ ሜሪላንድ። ከስንት ዓመት ልመናና ከሁለት ጊዜ ክልከላ በኋላ እናቴ ቪዛ ተሰጣትና በዚህ ሳምንት መጨረሻ ልትሄድ ነው፣ 68 ዓመቷ ነው፣ አውሮፕላን በላይ ሲያልፍ አንጋጣ ከማየት በቀር አታውቀውም። ትናንት ደውላ «የስንት ቀን ስንቅ ልያዝ?» አለችኝ፣ ሳቄን ዋጥ አድርጌ ቆይ አጣርቼ ልንገርሽ ብዬ ኢንተርኔት ውስጥ ገባሁ፣ ገብቼ ቀረሁ። አንዱ ከቦሌ ዋሽንግተን ዱለስ 11,560 ኪሎ ሜትር ነው ይላል ሌላው 12,750፣ ሰዓቱን አንዱ 13 አንዱ 17 ከ45፣ አንዱማ ጭራሽ 22 ሰዓት ብሎኛል። ትኬቷ መሄጃው ሎሜ ላይ (ቶጎ ማለት ነው) አንዴ ይቆማል መመለሻው ግን ቀጥታ ነው። ያው አገር ያው መንገድ አይደል እንዴ፣ እንዴት ነው መሄዱ ከመመለሱ በ4 ሰዓት ምናምን የሚበልጠው? የሚያውቅ ካለ ለእናቴ መልሼ ልነግራት በምችለው ቋንቋ ያስረዳኝ።

ማርቆስ_02 · ሰኞ ማታ 2:22

እንኳን ደስ አላችሁ ወንድሜ። ስንቁን በተመለከተ ግን እናትህ ልክ ናቸው፣ የቡሬ ሰው ያለስንቅ ወዴት ይሄዳል

የደጀን_ሹፌር · ሰኞ ማታ 2:31

እኔ ስለ አየሩ አላውቅም ስለ ምድሩ ልንገርህ። ከቡሬ አዲስ አበባ በመኪና 400 ገደማ ነው፣ ጎሐ ጽዮንና ደጀን መሃል አባይ በረሃ ወርደህ መውጣት አለ፣ ያንን ቁልቁለት ለ68 ዓመት እናት አልመክርም፣ ጆሮም ይደፍናል ጉልበትም ያማል። ወደ ባሕር ዳር 150 ገደማ ናት እሷ ትሻላለች፣ ከዚያ በአየር። መንገዱ ግን ሰላም መሆኑን ሁልጊዜ ጠዋት ጠይቀህ ነው የምትነሳው፣ በዋዜማው ባለ ወሬ አትነሳ።

ክር_በኳስ · ሰኞ ማታ 3:05

ልጅ ቡሬ ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው፣ የሚለኩት ነገር ነው የተለያየ። 11,560 የሚልህ ከቦሌ እስከ ዱለስ ክር ወጥረህ ብትለካ ነው፣ ካርታ ላይ ሳይሆን ኳስ ላይ። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ብታሰምር መስመሩ በቻድ በማሊ በሞሪታኒያ አድርጎ ይወስድሃል፣ ኳሱ ላይ ክሩን ሳብ ስታደርገው ግን ወደ ሰሜን ይሸሻል፣ በሱዳን በሊቢያ በአልጄሪያ በስፔን አልፎ አትላንቲክ መሃል ሲደርስ ከራሷ ከዋሽንግተን በላይ ወደ ሰሜን ወጥቶ ከዚያ ነው ቁልቁል የሚወርደው። የልጅ ኳስና የስፌት ክር ካለህ ዛሬ ማታ ሞክረው፣ እኔ በወንድሜ ልጅ ኳስ ነው የተማርኩት።

12,750 ደግሞ ሎሜን ሲጨምር ነው። ቦሌ ሎሜ 4,150 ገደማ፣ ሎሜ ዱለስ 8,600 ገደማ፣ ደምረው። በደብሊን የሚቆም ትኬት ቢሆን ኖሮ 6,370 ሲደመር 5,460 ወደ 11,830 ይመጣል፣ ማለት ደብሊን ክሩ አጠገብ ናት 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምታዞረው፣ ሎሜ ግን 1,200 ገደማ ታዞራለች። ካርታ ላይ ስታየው ተቃራኒው ነው የሚመስልህ፣ ሎሜ ወደ ምዕራብ ስለሆነች መንገድ ላይ ያለች ትመስላለች።

22 ያለህ ከባሕር ዳር ጀምሮ ቦሌ የምትጠብቀውን ጨምሮ ቆጥሮ ይሆናል።

አሁን ዋናውን ልንገርህ፣ ሒሳቡን ስሠራ እኔንም ገርሞኛል። ያ አጭሩ ክር ከቦሌ ሲነሳ አቅጣጫው ሰሜን ምዕራብ ነው፣ 314 ዲግሪ። የት የት እንደሚያልፍ ልይ ብዬ ስከተለው አባይን ተሻግሮ የት ላይ ወደቀ መሰለህ? ቡሬ! ከከተማው 5 ወይ 6 ኪሎ ሜትር ቢስት ነው። ከቦሌ ቡሬ በክሩ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጋሼ ሹፌሩ 400 ያሉት ማለት ነው። በደብሊን የሚሄደው ክር ደግሞ ባሕር ዳርን ታክኮ ጣና ላይ ነው የሚወጣው።

ልጅ_ቡሬ · ሰኞ ማታ 3:14

አትቀልድ

ክር_በኳስ · ሰኞ ማታ 3:16

በላይ ይሙት። ራስህ ለካው።

አባይ_ማዶ · ሰኞ ማታ 3:40

ስለዚህ እናታችን ከቡሬ ወደ ሰሜን ባሕር ዳር፣ ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ አሜሪካ። ይሄ እኮ ራሱ የአባይ አካሄድ ነው። ከጣና ወጥቶ የሚሄድበት ሱዳን በስተምዕራብ እያለ እሱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርድና ጎጃምን በሙሉ ዙሮ ነው ወደ ምዕራብ የሚመለሰው። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የተባለው ትራንዚት ለሚጠብቅ ሰው ሳይሆን አይቀርም፣ ሻንጣ ይዞ ይዞራል።

ጡረተኛው_ቴክኒሻን · ማክሰኞ ጠዋት 1:20

ልጆች እንደምን አደራችሁ። ብዙ ዓመት ከአውሮፕላን ጋር ነው የኖርኩት፣ አሁን ዳንግላ ንብ ነው የማንበው። መሄዱ ከመመለሱ ለምን ይረዝማል ላልከው ሁለት ምክንያት አለ፣ አንዱ ከፍታ አንዱ ነፋስ።

ከፍታው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,334 ሜትር ላይ ነው ያለ፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲተያይ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፉም የሚነሳው በአየር ነው፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው አየር ነው። ስለዚህ ለመነሳት የበለጠ መንደርደር አለበት፣ አስፋልቱ ደግሞ 3,800 ሜትር ነው ማለቂያ አለው። ምን ይደረጋል፣ ክብደት ይቀነሳል። ሰው አትቀንስም ሻንጣ አትቀንስም፣ ነዳጅ ትቀንሳለህ። ድሪምላይነር (ቦይንግ 787-8ን ነው የምልህ) ሲነሳ ከፍተኛው ክብደቱ 228 ቶን ገደማ ነው፣ ታንኩ ጢም ካለ ከዚያ ውስጥ 100 ቶኑ ነዳጅ ነው፣ ግማሽ ሊሆን ምን ቀረው። ያንን ሁሉ ተሸክሞ ከቦሌ መነሳት ስለሚከብደው ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ፣ ባሕር ጠረፍ ያለ አገር ወርዶ ይሞላል። ሎሜ ባሕሩ ዳር ናት፣ ደብሊንም እንዲሁ።

ሲመለስ ዱለስ ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ አየሩ ወፍራም ነው፣ ታንኩን ሞልቶ ይነሳና ቦሌ ነው የሚያርፈው። ማረፍ ላይ ነዳጁን ጨርሶት ስለመጣ ቀሎታል።

ነፋሱ። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከኛ ይልቅ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ባለው ሰማይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፣ ጄት ስትሪም ይሉታል። በክረምታቸው ማለት አሁን በኛ በጥር ይጠነክራል፣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ የሚነፍስበት ጊዜ አለ። የአውሮፕላኑ ፍጥነት 900 ገደማ ነው እንበል፣ ፊት ለፊት የሚመጣ 100 ነፋስ ካለ መሬት ላይ የምትቆጥረው 800 ይሆናል፣ ከኋላ ከገፋህ 1,000። ለ11 ሺ ኪሎ ሜትር አስላው፣ ሁለት ሰዓት ከመንፈቅ በላይ ልዩነት ነው በዚሁ ብቻ።

ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። በፈረንጆቹ 1984 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የገዛው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነስቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገብቶ፣ 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በጊዜው ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን የዓለም የርቀት ሪከርድ ተብሎ ነበር። በመመለሻው አቅጣጫ መሆኑን ልብ በሉ። በመሄጃው ይሞክሩት አልተባለም።

ሞጣ_ቀራኒዮ · ማክሰኞ ጠዋት 2:02

ጋሼ አንድ ነገር ልጠይቅዎ አይሳቁብኝ። መሬት የምትዞረው ወደ ምሥራቅ ነው አይደል፣ ታዲያ አውሮፕላኑ ወደ ላይ ወጥቶ ዝም ብሎ ቢቆም አሜሪካ ራሷ ዞራ አትመጣለትም? ወደ ምዕራብ መሄድ ሊፈጥን ሲገባው ለምን ዘገየ

ጡረተኛው_ቴክኒሻን · ማክሰኞ ጠዋት 2:15

አልስቅም ልጄ ሁሉም የሚጠይቀው ነው፣ እኔም ተማሪ ሆኜ ጠይቄያለሁ። ከማርቆስ በአውቶቡስ ስትመጣ ዝንብ ገብታ አይተህ ታውቃለህ? አውቶቡሱ 80 እየነዳ ዝንቧ አየር ላይ ቆማ ከኋላ መስታወት ጋር ትላተማለች ወይ? አትላተምም፣ ውስጥ ያለው አየር አብሯት እየሄደ ነው። መሬትም አየሯን ይዛ ነው የምትዞር። አውሮፕላን ከመሬት ስለተነሳ ከመዞሩ አይወጣም።

ሞጣ_ቀራኒዮ · ማክሰኞ ጠዋት 2:18

ዝንቧን ገባኝ። እግዜር ይስጥልኝ

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ማክሰኞ ቀን 10:45

እዚህ አሁን ገና ጠዋት ነው። እኔ ቤተሰብ ሦስት ጊዜ አስመጥቻለሁ ጥቂት ልበል። ዊልቼር ጠይቁላት፣ መራመድ ብትችልም ጠይቁ፣ እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው ዊልቼር ማለት የሚገፋ ወንበር ሳይሆን መንገድ የሚያውቅ ሰው ማለት ነው፣ ኢሚግሬሽን ድረስ ይዟት ይሄዳል። የእህትህን ስልክና አድራሻ በእንግሊዝኛ በወረቀት ጽፈህ አንገቷ ላይ በማህተቧ አጠገብ አንጠልጥልላት፣ ስልኳ ቻርጅ ይጨርሳል ወረቀት አይጨርስም። እግር የሚያጠብቅ ረጅም ካልሲ ይኑራት በየሁለት ሰዓቱ ተነስታ ትንሽ ትራመድ፣ ውሃ ትጠጣ። እናቴ ሽንት ቤቱን ፈርታ 17 ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ መጥታ ሁለት ቀን ራሷን አሟት ነበር፣ እዚያው ባሕር ዳር እንዴት እንደሚከፈት በቪዲዮ አሳያት።

ስንቁ ላይ፣ ሽሮ በርበሬ ምጥን ምንም አይላትም ግን አሜሪካ ስትገባ ምግብ ይዣለሁ ብላ ታስመዝግብ። ቋንጣና ሥጋ የነካ ነገር በጭራሽ እንዳትይዝ ይወስዱባታል። ማር ከያዘች በእጅ ሻንጣ አይደለም በሚጫነው ውስጥ ነው፣ በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ አይበልጥም፣ ማርም ፈሳሽ ነው ይሏታል።

እና ደግሞ የምትበርበት ቀን ምን ቀን ነው? ምግቡን ልነግርህ ነው፣ የጾም ቢሆን ቀድመህ ነው የምታዘው።

ልጅ_ቡሬ · ማክሰኞ ማታ 12:30

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሼ የዝንቧን ነገር እናቴ በጣም ነው የወደደችው። እሙ ሲልቨር ትኬቱ የሚለው 18 ጃንዋሪ 00:35 ነው። በኛ ጥር 10 ማለት ነው ቅዳሜ ሌሊት 6:35። ትኬት ቤቱም ወረቀት ላይ እንደዛው ጥር 10 ሌሊት 6:35 ብሎ ጽፎልኛል። ጥሩ ነው ያልነው ከተራ ስለሆነ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ከባሕር ዳር ሳትወጣ ትንሽ ታይና ከሰዓት 9 ሰዓት አዲስ አበባ እንበርራለን፣ ማታ ቦሌ።

እህተ_ዳሞት · ማክሰኞ ማታ 12:41

ቆይ ቆይ ቆይ። ልጅ ቡሬ ይሄን አንብብ ሌላውን ሁሉ ተወው።

00:35 በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ ገና የጀመረበት ነው። የነሱ ቀን የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ በኛ ሌሊት 6 ሰዓት። ስለዚህ 18 ጃንዋሪ 00:35 ማለት 18 ከጀመረ 35 ደቂቃው ነው። በኛ አነጋገር ዓርብ ሌሊት ለቅዳሜ አጥቢያ ነው። ቅዳሜ ለእሁድ አይደለም! ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት ባሕር ዳር አውሮፕላን ስትሳፈሩ የአሜሪካው ሄዷል፣ ዋሽንግተን ሊደርስ ሦስት ሰዓት ነው የሚቀረው።

ልጅ_ቡሬ · ማክሰኞ ማታ 12:44

ኧረ በእግዚአብሔር

ልጅ_ቡሬ · ማክሰኞ ማታ 12:52

አሁን እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ትክክል ነሽ። ቅዳሜን ነው ትኬቱ የሚለው ከ00:35 ፊት። እኔ ሌሊት 6:35 ብዬ በትክክል ቀይሬ ቀኑን ግን በኛው ሌሊት አሰብኩት፣ ሌሊቱ የቅዳሜ ነው ብዬ።

እህተ_ዳሞት · ማክሰኞ ማታ 1:03

አይዞህ ገና ማክሰኞ ነው። እኔ ትኬት ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ በዓመት ቢያንስ ሦስት አራት ሰው በዚህ ይቀር ነበር፣ ሁሉም ከ00:00 እስከ 05:59 ባለው በረራ ነው። የተማረ ያልተማረ አይልም። ምክንያቱም ለኛ ሌሊቱ የቀኑ ጭራ ነው ለነሱ ግን ራስ ነው። ስለዚህ እኔ ወረቀት ላይ ስጽፍ «ዓርብ ማታ እራት በልታችሁ ቦሌ ሂዱ» ብዬ ነበር የምጽፈው፣ ሰዓት ብቻ አልጽፍም። ያ የጻፈልህም ሰው ቁጥሩን ቀየረ እንጂ ሌሊቱን አልቀየረም።

ሌላው ወጥመድ ደግሞ ወሩ ነው። ጃንዋሪ ማለት ጥር ነው ብለው የሚያስቡ አሉ፣ 10 ጃንዋሪን ጥር 10 ብለው ስምንት ቀን ዘግይተው የመጡ አባት አይቻለሁ፣ ከነሻንጣቸው ከነነጭ ጋቢያቸው። ጥምቀት ጥር 11 በነሱ ዘንድሮ 19 ነው (ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን 20)፣ ይቺን ከያዝክ የጥርን ወር ትቆጥራለህ።

አሁን የምታደርገው፣ የአገር ውስጡን ትኬት ወደ ዓርብ አስቀይር፣ ዓርብ ጠዋት ያለውን ያዝ፣ ከሰዓቱን አትያዝ። ከባሕር ዳር ቦሌ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ሰዓት አይሞላም ግን ጉም ካለ ወይ ከዘገየ ዓለም አቀፉ አይጠብቅህም፣ በተለይ ሁለቱ ትኬት ለየብቻ የተቆረጠ ከሆነ። ቦሌ ከበረራው 3 ሰዓት ቀድማ ትገኝ፣ ማለት ዓርብ ማታ 3:30።

የደጀን_ሹፌር · ማክሰኞ ማታ 1:10

እሷን ሴት እግሯን ልሳም። አውቶቡስ ቢሆን መለከት ይነፋል ረዳቱ ይጠራል፣ አውሮፕላን ጨካኝ ነው

ልጅ_ቡሬ · ረቡዕ ቀን 7:20

ተቀየረ። ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት። ትንሽ ጭማሪ ከፍዬበታለሁ ምንም አይደል። እናቴን ነገ ሐሙስ ከቡሬ አመጣታለሁ። ከተራ እንደማታይ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና «እዚያስ ታቦት አይወጣም?» አለች። እህት ዳሞት እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈል ምን እንደምል አላውቅም፣ እናቴ ስምሽን ጠይቃኛለች በጸሎት ልታስብሽ፣ የክርስትና ስምሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ · ረቡዕ ቀን 10:50

እዚህም ይወጣል አይዟት፣ ብርድ ስለሆነ ብዙው አዳራሽ ውስጥ ነው እንጂ። እንዲያውም የምትደርሰው ቅዳሜ ጠዋት ስለሆነ የዋሽንግተንን ከተራ ትደርስበታለች። ምግቧን ዛሬውኑ ደውለህ የጾም እዘዝ፣ ዓርብ ጾም ነው ቅዳሜም የጥምቀት ጋድ ነው።

ክር_በኳስ · ረቡዕ ማታ 2:00

ለእናትህ የሰዓት ዘዴ ልስጥህ። አሁን በክረምታቸው ዋሽንግተን ከኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ናት። እኛ ደግሞ የግድግዳ ሰዓታችንን ከፈረንጅ 6 አሳንሰን ነው የምንሞላው። ሁለቱ ሲቻቻሉ የሚቀረው 2 ብቻ ነው! የእጅ ሰዓቷን አትንኩባት፣ በኛ 12:20 ሲል 2 ቀንሳ 10:20 ብትል የዋሽንግተን ሰዓት ነው፣ ቀንና ሌሊቱ ብቻ ነው ሊገለበጥ የሚችለው። ማርች ሁለተኛው እሁድ ላይ ግን ሰዓታቸውን ስለሚያስቀድሙ ከዚያ በኋላ 1 ብቻ ነው የምትቀንሰው፣ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ።

ሌላ ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር አንብቤ አረጋገጥኩት፣ ጋሼ ካሉ ያርሙኝ። የድሪምላይነር ውስጥ አየሩ የሚጠበቀው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለህ ሆኖ ነው አሉ፣ ማለት የባሕር ዳር ከፍታ። በድሮዎቹ ደግሞ እስከ 2,440 ይደርሳል፣ እሱ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ነው።

ጡረተኛው_ቴክኒሻን · ረቡዕ ማታ 2:25

ልክ ነህ። ለደገኛ ሰው ምንም አይደለም፣ ቡሬ ራሷ ከባሕር ዳር ከፍ ያለች ናት። የባሕር ጠረፍ ሰው ነው ራሴን አመመኝ የሚል። የሚያስቸግራት ድርቀቱ ነው፣ ከንፈሯ ላይ ቅቤ ቢጤ ትቀባ።

ያ የቡሬ መስመር ላይ ግን አንድ እርማት አለኝ ልጄ፣ ክሩ እውነት ነው አውሮፕላኑ ግን ክሩን አይከተልም። ሱዳን በ2023 ሚያዝያ ላይ ጦርነት ከተነሳባት ወዲህ ሰማይዋ ተዘጋ፣ ሊቢያንም ብዙዎቹ አያልፉባትም፣ ስለዚህ ወደ አውሮፓ የሚወጣውም የሚመጣውም ዞሮ ነው። ነፋሱም በየቀኑ ስለሚቀያየር መስመሩን በየቀኑ ነው የሚያወጡት። ሱዳን ሰላም ስትሆን መመለሻው በጎጃም ላይ ሊገባ ይችላል፣ ያኔ ቡሬ ላይ ሲደርስ ለመውረድ መዘጋጀት የሚጀምርበት ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቢቀረው ነው።

ማርቆስ_02 · ዓርብ ማታ 4:10

ገቡ?

ልጅ_ቡሬ · ዓርብ ማታ 4:32

ገባች። በር ላይ ተሰነባብተን አሁን ታክሲ ውስጥ ነኝ። ወንበሩን የሚገፋው ልጅ የዱርቤቴ ልጅ ሆኖ ተገኘ፣ እስክትሳፈር አልለይሽም አላት። ድፎ ዳቦውን በነጠላ ጠቅልላ በእጇ ነው የያዘችው፣ ማንም ምንም አላላትም። ትኬቱን እስካሁን እያየሁት ነው፣ ነገ በዚህ ሰዓት ይዣት ልመጣ የነበረ መሆኑ አሁንም ሆዴን ይቆርጠኛል።

ልጅ_ቡሬ · እሁድ ጥር 11 ቀን 8:00

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ አደረሳችሁ። እናቴ በሰላም ገብታለች፣ ቅዳሜ በነሱ ጠዋት 4 ሰዓት ከሃያ አካባቢ ነው ያረፉት፣ በኛ አመሻሽ ላይ እዚህ ታቦቱ ጥምቀተ ባሕር ከገባ በኋላ ማለት ነው። ከባሕር ዳር ከቤት ከወጣን እህቴ እስካቀፈቻት 37 ሰዓት ገደማ፣ አየር ላይ የነበረችበት ግን ከ18 አይበልጥም፣ የቀረው ወንበር ላይ መቀመጥና ሰልፍ ነው። ስለዚህ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ መጀመሪያ ከየት እስከ የት ብላችሁ ጠይቁት።

በጣም ያስደነቃት ርቀቱም ከፍታውም አይደለም፣ ሌሊቱ ነው። «አልነጋ አለኝ ልጄ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ ነቃሁ ጨለማ ነው፣ አገር ላይ ወረዱ (ሎሜ መሆኑ ነው) ጨለማ ነው፣ ደግሞ ተነሱ ውዳሴዬን ደገምኩ አሁንም ጨለማ፣ ምጽአት የደረሰ መስሎኝ ጎረቤቴን ነካ አደረግሁት» አለች። ክር በኳስ ይሄንንስ ምን ትላለህ?

ክር_በኳስ · እሁድ ቀን 9:10

እንኳን አብሮ አደረሰን። እውነቷን ነው! ጸሐይ ወደ ምዕራብ በሰዓት 15 ዲግሪ ትሄዳለች፣ አውሮፕላኑም ወደዚያው 7ና 8 ዲግሪ ይሄዳል፣ እና ንጋቱ ከኋላ እየመጣ እናትህን ለመድረስ ሲሮጥ ቆየ። አዲስ አበባ ከመሸበት አትላንቲክ ላይ እስኪነጋ እንደኔ ግምት 17ና 18 ሰዓት ጨለማ ነው ያሳለፈችው። ስትመለስ ደግሞ ተቃራኒው ነው ሌሊቱ ያጥርባታል፣ እራት አቅርበው ሳያነሱ ቁርስ ይመጣል።

አባይ_ማዶ · እሁድ ቀን 9:30

መመለሻቸው መቼ ነው? ቀኑን ለእህተ ዳሞት አሳይተሃል ወይ

ልጅ_ቡሬ · እሁድ ቀን 9:48

ሃሃ አሳይቻለሁ፣ ግንቦት ነው፣ ቀን ነው የሚነሳው ምንም ሌሊት የለበትም። በቡሬ ላይ የሚያልፈውን መስመርም ነግሬያታለሁ፣ ዞሮ ይሄዳል አይሄድም የሚለውን አላብራራሁላትም። ትንሽ አሰበችና «በቤቴ ላይ ካለፈማ ምን ቦሌ ድረስ ያደርሰኛል፣ ወራጅ አለ እለዋለሁ» አለች።